በክር የታሰረው ጉትቻ

በጣልያን ጊዜ ኮልፌ ውስጥ ሰው ሲያገኘኝ «እንዴት አደርክ?» ከማለቱ በፊት «ሥራ አገኘህ?» ይለኝ ነበር። ውሃ ልትቀዳ የምትወርደው ጎረቤታችን፣ የሰፈሩ ቄስ፣ እንጨት ተሸክማ የምታልፈው ሴት፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ። አጎቴማ፣ የአባቴ ወንድም፣ ከሩቅ ሲያየኝ ጥያቄው ፊቱ ላይ ቀድሞ ይታያል። «አላገኘሁም ጋሼ» ስለው አንገቱን ይነቀንቅና «በርታ እንጂ፣ ቶሎ በል» ብሎኝ ያልፋል። ቶሎ በል! ሥራው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ እኔ መውጣት የሰነፍኩ ይመስል። ሰው በጥያቄ ብቻ ሊደክም እንደሚችል የተማርኩት ያኔ ነው።

ከወረራው በፊት አባቴና እኔ የአንድ ባላባት በቅሎ ቤት ውስጥ ነበር የምንሠራው። እሱ በቅሎዎቹን ይገራል፣ እኔ ኮርቻና ልጓም እጠግናለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ አባቴ ጌታውን ተከትሎ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከዚያ ጦሩ ተፈታ፣ ጣልያን ከተማ ገባ፣ ባላባቱ ተሰደደ፣ ግቢው የወታደር ሰፈር ሆነ። እኔም ከነመስፊያዬ ሜዳ ላይ ቀረሁ። ክረምት ወጥቶ ሌላ ክረምት ሲገባ የአባቴ ወሬ አልነበረም። እናቴን ሰው «ወሬ አለ?» ብሎ ሲጠይቃት «የለም» ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። እኔም አልጠይቃትም ነበር። ባልጠየቅኳት ቁጥር አባቴ መንገድ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ከአባቴ ጋር አብሮ የዘመተ አንድ የሰፈር ሰው ነበር፤ ቤቱ ከወንዙ ማዶ ነው። እሱ ተመለሰ። ከዘመቻ የተመለሰ ሰው የጎረቤቱን ደጅ ሁሉ እየዞረ «እንኳን ለዚህ አበቃን» ማለት ወጉ ነው፤ እሱም ዞሯል። እኛ ቤት ግን አልመጣም። መንገድ ላይ ሲያየኝ እንኳ ጋቢውን ሰብስቦ ወደ ባሕር ዛፉ ውስጥ ይታጠፋል። የጣልያን ግምጃ ቤት ዘበኛ ሆኖ ስለተቀጠረ ኮራብን ብዬ ተቀየምኩት። ለእናቴ በንዴት ስነግራት የምትፈትለውን ጥጥ ሳታቆም «ተወው፤ ሰው የራሱ ጣጣ አለው» አለችኝ።

ሥራ የምፈልገው ዛሬ ጦር ኃይሎች በምንለው አቅጣጫ ነበር። ያኔ ሜዳ ነው፤ ጣልያኖች ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የሚያስፈልጡበት፣ ካሚዮኖቻቸውን የሚያቆሙበትና የሚጠግኑበት ሰፊ ግቢ ነበራቸው። ሳይነጋ ተነስቼ የኮልፌን ጭቃ አቋርጬ እሄዳለሁ። እዚያ ስደርስ ሌላው ቀድሞኝ ተሰልፏል። ካፖው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ወጥቶ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ያይና የፈለገውን በጣቱ ይጠራል፤ ለቀረነው «ዶማኒ» ይለናል። ነገ ማለቱ ነው። የጣልያንኛ ሀሁ የጀመርኩት በዶማኒ ነው፤ ከዚያም ብዙ አላለፍኩም። ለጠላት ለመሥራት ተሰልፎ፣ ጠላት ደግሞ «ነገ» ብሎ ሲመልስህ፣ ሁለት ጊዜ መዋረድ ነው። ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ቤታችን ውስጥ የነበረው እህል ማሰሮው ሥር ደርሶ ነበር።

ከቤታችን ዝቅ ብሎ፣ ወንዙ አፋፍ ላይ፣ አንድ ብር ሠሪ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ጸጉራቸው እንደ ባዘቶ ነጭ ሆኖ ሰፈሩ ግን «አንተ» ነው የሚላቸው፤ ባለ እጅ ናቸውና። ቀን መስቀልና ጉትቻ የሚያሠራቸው ሰው ማታ ቡዳ ናቸው ብሎ ልጁን ከዓይናቸው ይሸሽጋል። እኔም ልጅ ሆኜ በደጃቸው ስናልፍ እናቴ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነው ነበር። አንድ ቀን ከዶማኒ ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ጣራቸው ሥር ተጠለልኩ። ወጥተው አዩኝ።

«ቆመህ ከምትበሰብስ ግባና ወናፉን ንፋልኝ» አሉኝ።

«እሺ አባባ፣ የት ልቀመጥ? እርስዎ የሚቀመጡት የቱ ጋ ነው?» አልኳቸው። «እርስዎ» ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ። በርጩማውንም በእግራቸው ወደ እሳቱ አስጠጉልኝ።

ወናፍ ለመንፋት ገብቼ በዚያው ቀረሁ። ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ብሩን እንደ ክር አቅጥኖ መጠምዘዙ አልሆን ብሏቸዋል። የእኔ እጅ ደግሞ ኮርቻ ሲሰፋ የኖረ ነው፤ ክር ያውቃል። ጠዋት እሰለፋለሁ፣ ዶማኒዬን ተቀብዬ እመለሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እሳቱ ዳር እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ያቀለጥኩትን ጠገራ ብር እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ። ብሩ ላይ የተቀረጸችው ሴትዮ ፊቷ ላለመጥፋት ትንሽ ታገለች፤ ከዚያ ድንገት ሁሉም ውሃ ሆነ። ጣቴን ያላቃጠልኩበት ቀን አልነበረም። ሽማግሌው ሲያዩኝ ይስቃሉ፤ «ብር መጀመሪያ ቆዳ ይበላል፣ ኋላ ነው እንጀራ የሚያበላ» ይሉኛል። ቆዳዬን ሲበላ እንጂ እንጀራ ሲያበላኝ ገና አላየሁም ብዬ አጉረመርማለሁ።

እውነቱን ለመናገር እንጀራም ነበረው። ጣልያን ጠገራውን አምጡና ሊሬ ውሰዱ ብሎ አውጆ ነበር፤ ወረቀት የሚያምን ሰው ግን አልነበረም። ጠገራ ያለው ሁሉ በጉያው ደብቆ ያመጣና «ድሪ አድርጉልኝ፣ አልቦ አድርጉልኝ» ይላል። ጌጥ ከሆነ ማንም አይወስድብኝም ነው ነገሩ። ስለዚህ አገር በሙሉ ሲያለቅስ እኛ ጌጥ ስንሠራ እንውላለን። የሚያጌጥ ግን አልነበረም። አልቦው ከእሳት ወጥቶ ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ ጉድጓድ ነው የሚሄደው። አንዳንዴ አንድ ጉትቻ ስጨርስ እጄ ላይ አድርጌ አየውና ይኼን አፈር ሊበላው ነው እላለሁ። የሚያምር ነገር ሠርቶ መቅበር ያደክማል።

ሰዎቹ ከሚያመጡት ጤፍና ሽሮ ሽማግሌው ያካፍሉኛል። እናቴ እህሉን ትቀበላለች፤ ሥራውን ግን አትቀበልም። ደጃፍ ላይ ሳለሁ «እጅህን ታጠብ» ትለኛለች፤ እጄ ንጹሕ ቢሆንም።

«የአባትህ ወገኖች ምን ይሉኛል? የጨዋ ልጅ ባለ እጅ ሆነ?»

«የአባቴ ወገኖች ምን አበሉኝና ነው?»

«አፍህን ያዝ። ጠዋት ሰልፉ ጋ ሄድክ?»

«ሄድኩ።»

«ምን አሉህ?»

«ምን ይሉኛል? ዶማኒ።»

ወደ ጥጧ ትመለሳለች። ይኼ ከንግግሯ ይልቅ ያናድደኝ ነበር፤ ቅር ያላት ይሁን የቀለላት አይለይም።

እናቴ አንድ ጥንድ የብር ጉትቻ ነበራት። አባቴ ሲያገባት ያሠራላት ነው፤ ክብ፣ ከታች ትንንሽ ፍሬዎች የተንጠለጠሉበት። ስትሄድ ፍሬዎቹ ይንሿሿሉ። ልጅ ሆኜ ከጓሮ ስትመጣ የማውቀው በድምፁ ነበር። አባቴ ከዘመተ በኋላ የቀኙ ማንጠልጠያ ተሰበረ፤ እሷም በጥቁር ክር ጆሮዋ ላይ አሰረችው። ክሩ በላብ ሲበላ ሌላ ክር ትተካለታለች። እጄ ከተፈታ በኋላ ያ ክር ዓይኔን ይወጋኝ ጀመር። የሰው ሚስት ጉትቻ እየሠራሁ የእናቴ በክር ተቋጥሮ! አንድ እሁድ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

«እማዬ፣ አውልቂና ስጪኝ። ማንጠልጠያ መቀጠል እኮ ቀላል ነው።»

«ተወው።»

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ብለው ሊስቁብኝ ነው።»

«ይሳቁ። ይኼ ከጆሮዬ የሚወርድበት ቀን አለው። መጀመሪያ አንተ ሥራህን አግኝ።»

«ይኼስ ሥራ አይደለም ወይ?»

 ጆሮዋን በመዳፏ ሸፈነች፣ የምነጥቃት ይመስል። በባለ እጅ እጅ አላስነካም ማለቷ ነው ብዬ አመንኩ። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ገባ። የወለደችኝ እናቴ እንኳ እጄን ተጸየፈችው እያልኩ ብዙ ጊዜ ተብከነከንኩ። ለሽማግሌው ስነግራቸው በጉጠታቸው ፍሙን ሲቆሰቁሱ ቆዩና «እናትህን አታስቸግራት» አሉኝ። «አንተ ሥራህን ፈልግ።» እሳቸውም! ሥራ እየሠራሁላቸው ሥራ ፈልግ ይሉኛል። የዚያን ቀን ወናፉን በንዴት ስነፋው የከሰሉ ብናኝ ቤቱን ሞላው።

በየሳምንቱ አጎቴ ይመጣል። መደቡ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረበለትን ይቀምሳል፣ እናቴን «እንዴት ነሽ እህቴ?» ይላታል፣ ዓይኗን ግን አያይም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ያቺኑ ጥያቄ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀና «ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ሥራ ካለ ይስጡኝ፤ ከሌለ አይጠይቁኝ» አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። አልተቆጣም። ደጃፍ ድረስ ሸኘሁትና ትከሻዬን ይዞ «ልጄ፣ ለአንተ ብዬ ብቻ አይደለም» አለኝ። ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም ደክሞኝ ነበርና አልጠየቅኩም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ሐሙስ፣ ካፖው እንደ ወትሮው ሰልፉን በዓይኑ አልጠረገም። ከአስተርጓሚው ጋር እየዞረ «እጃችሁን አሳዩ» አስባለ። የአንዱን ያያል፣ ያልፋል፤ የሌላውን ያያል፣ ያልፋል። እኔ ጋ ሲደርስ መዳፌን ገለበጠው። ጣቶቼ ጫፋቸው ጠቁሮ፣ የተቃጠለው ቆዳ ላይ ሌላ ቃጠሎ ተደርቦበት ነበር። አስተርጓሚው «ብረት ትሠራለህ?» አለኝ።

«ብር ነው የምሠራው።»

«ያው ነው። መበየድ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

የካሚዮን ራዲያተር የሚበይድላቸው ሰው አጥተው ኖሯል። ራዲያተር የሚባል ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። የተቀደደ ብረት በእሳት መግጠም ከሆነ ግን ከጉትቻ ፍሬ አይከብድም ብዬ አሰብኩ። ካፖው የዚያን ቀን ዶማኒ አላለኝም፤ «ሉኔዲ» አለኝ። ሰኞ ግባ ማለቱ ነው። እናቴ «ታጠበው» የምትለው እጅ ሥራ አስገኘልኝ።

ስመለስ ቀጥታ ወደ ቤት አልሄድኩም። መጀመሪያ የሄድኩት አጎቴ ጋ ነው፤ ያቺን ጥያቄ ከአፉ ልነጥቀው ፈልጌ። አጥሩን እያሰረ አገኘሁት።

«ጋሼ፣ ሥራ አገኘሁ!»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ» አለና ገመዱን ጥሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የጠበቅኩትን ያህል ፊቱ አልፈካም። ከየት፣ በምን፣ መቼ ትገባለህ ብሎ ሁሉንም ጠየቀኝ። ሰኞ ነው ስለው ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ነገ የትም እንዳትሄድ። በማለዳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ብቅ እንላለን።»

ሊመርቁኝ ነው አልኩ! አገር በሙሉ የሚያውቀውን ነገር ደስታ አስረሳኝ። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ተሰብስቦ ወፍ ሳይንጫጫ ደጅህን የሚያንኳኳው ለምን እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ዶማኒ ልቤ ደንዝዞ ነበር፤ ያን ቀን የገባኝ ነገር ቢኖር ሰኞ ብቻ ነው። ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትባዝታለች። ነገርኳት። ሥራ ማግኘቴን፣ ካፖው እጄን ማየቱን፣ ሰኞ መግባቴን። ከዚያም በኩራት፣ «ነገ ደግሞ አጎቴ በማለዳ ከሽማግሌዎች ጋር ሊመርቁኝ ይመጣሉ» አልኳት።

«በማለዳ አለ?»

«አዎ፣ በማለዳ።»

እጇ ቆመ። ጥጡን ከጭኗ ላይ አነሳችና ሰፌዱ ውስጥ አስቀመጠችው፣ ቀስ ብላ፣ የሚሰበር ነገር ይመስል። ወንዙን አየች።  ከዚያ «ና» አለችኝ። ጎንበስ ስል ግንባሬን ሳመችኝ፤ ካደግኩ ወዲህ ስማኝ አታውቅም። እጇን ወደ ጆሮዋ ሰደደችና ጥቁሩን ክር ፈታችው። የግራውንም አወለቀች። ሁለቱን እጄ ላይ አድርጋ ጣቶቼን አጠፈችብኝ።

«በል አሁን ሥራው» አለችኝ። «እጅህ ደግ እጅ ነው።»

ያ ቃል ምን እንዳደረገኝ ልነግራችሁ አልችልም። ስንት ጊዜ የጠበቅኩት ቃል ነው። እያፏጨሁ ወደ ብር ሠሪው ሽማግሌ ወረድኩ። ለማንጠልጠያው የሚሆን ቁራጭ ብር ለመንኳቸው። ሥራ ማግኘቴን ስነግራቸው መረቁኝ፤ ጉትቻውን ሲያዩት ግን እጃቸው መሐል መንገድ ላይ ቀረ።

«ራሷ አወለቀችው?»

«ራሷ ናት! ሥራህን አግኝ ስትለኝ አልነበር?»

ብሩን ሰጡኝ፤ ቁራጭ ሳይሆን ሙሉ። ወናፉንም ያን ቀን እሳቸው ነፉልኝ። ማንጠልጠያውን ቀጠልኩ፣ ሁለቱንም በሎሚና በአመድ ፈትጌ አነጣኋቸው። እጄ ከሠራው ሁሉ እንደዚያ ያማረ የለም። ሊመሽ ሲል ይዤላት ስሄድ ቤቱ ተጠርጓል፣ ደጁ ተጠርጓል፣ እናቴ ከጎረቤት ወንበር ተውሳለች። ለምርቃቱ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ጉትቻውን ስዘረጋላት አገላብጣ አየችው፣ ፍሬዎቹን አንቃጨለቻቸው።

«አድርጊዋ።»

«አንተ ጋ ይቆይ» አለችኝ።

ማለዳ በር ተንኳኳ። ገና አልነጋም። ከፈትኩ። አጎቴ፣ ቄሱ፣ ሁለት ሽማግሌዎች። ከኋላቸው፣ ጋቢውን እስከ አፉ ተከናንቦ፣ ያ ከዘመቻ የተመለሰው ሰው። ደጃችንን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነበር። እሱን ሳየው ሊመርቁኝ እንዳልመጡ ገባኝ።

ኋላ ነው ሁሉን የነገሩኝ። አባቴ የወደቀው ገና በዘመቻው ነው፤ ያ ሰው ነው የቀበረው። ተመልሶ ለአጎቴ ነገረው፤ አጎቴም ዘመድ ሰብስቦ መከረ። ቤቱ ባዶ ነው፣ ልጁ ሥራ የለውም። ዛሬ እናቱ መርዶ ብትረዳ ነገ ማንን ተደግፋ ትቆማለች? ተዝካሩስ በምን ይወጣል? ልጁ እስኪቆም መርዶው ይቆይ አሉ። ስለዚህ ኮልፌ በሙሉ እያወቀ እኔን ሥራ አገኘህ ይለኝ ነበር። ያ ሰውም አልኮራብንም፤ በእናቴ ፊት ለመዋሸት ነው ያቃተው። እናቴ ደግሞ ደጇን ዘልሎ ካለፈበት ቀን ጀምሮ አውቃዋለች። ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ «ሳልረዳ ባሌን በአፌ ልግደለው?» ነበር መልሷ።

ይኼ ሁሉ ግን ኋላ ነው። በዚያ ማለዳ እኔ በሩን ይዤ እንደቆምኩ እነሱ አልፈውኝ ገቡ። እናቴ አልተኛችም ኖሯል። መደቡ ላይ ቀና ብላ ተቀምጣለች፤ ወገቧን በመቀነት አስራለች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፣ ጸጉሯን ፈትታዋለች። መርዶ የምትረዳ ሴት ሳታውቅ ነው የሚደርሱባት፤ ጌጧንም ጮሃ አውልቃ የምትጥለው ከተነገራት በኋላ ነው። አጎቴ «እህቴ፣ እንግዲህ ጠንከር በይ» ብሎ ጀመረና ባዶ ጆሮዎቿን አየ።  ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ማን ነገረሽ?» አላት አጎቴ።

እናቴ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አየችኝ።

«ልጄ» አለች። «ትናንት ሥራ አግኝቶ ሲመጣ ነገረኝ።»

ጉትቻው ኪሴ ውስጥ ነበር።